ለ20 የቦርድ ጌም ተጫዋቾች የሁለት ሌሊት አዳር፦ ሱባ ወይስ ቢሾፍቱ?

መክፈቻ

ሰላም ለሁላችሁ። ኅዳር ሁለተኛ ሳምንት ላይ፣ ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ ከሰዓት፣ 20 ሆነን ከአዲስ አበባ ወጣ ብለን ድንኳን ውስጥ እያደርን የጠረጴዛ ጨዋታ የምንጫወትበት ጉዞ እያዘጋጀን ነው። የታሰቡት ቦታዎች የመናገሻ ሱባ ደን፣ የሱሉልታ አካባቢና ቢሾፍቱ ናቸው። እስካሁን ያለው ዕቅድ ለ5 ለ5 ሰው 4 ጠረጴዛ፣ ከእድር የምንዋሰው አንድ ትልቅ ድንኳን፣ ለብርሃን በየግንባራችን የሚታሰር ባትሪ፣ ለምግብ እንጀራና ወጥ ነው። ከሣጥን ቦርድ ጌሞች ሁለት ካታን፣ አንድ ካርካሶን፣ አንድ ፓንደሚክ፤ የሚና ጨዋታ ለሆነው (አንድ መሪ ታሪኩን ሲመራ ሌሎቹ ገጸ ባሕርይ ሆነው በንግግር ለሚጫወቱት) ለዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ዳይሶችና መጻሕፍት፤ ደግሞም ገበጣና ሰንጠረዥ (የአገራችን ቼዝ) አሉን። የትኛው ቦታ ይሻላል? ምንስ ጎድሎናል?

ምላሾቹ በዝተው አንዱ ሌላውን እያረመ ስለሄደ፣ አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይደናገር በቁጥራቸው አሳጥሬ ከዚህ በታች አስቀምጫቸዋለሁ። ያልተስማማሁበት ቦታ ላይ የራሴን ጨምሬያለሁ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶ፣ ከቦታው ስም በፊት ከፍታው ይታይ አለ። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር አካባቢ ነው። የሱባ ደን ከ2,200 ገደማ ተነሥቶ እስከ ወጨጫ ተራራ ጫፍ 3,385 ሜትር ይወጣል። ሱሉልታም ከ2,500 በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚወርድ፣ 2,600 ላይ የተተከለ ድንኳን ቢሾፍቱ ካለው በ4 ወይም በ5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። በዚያ ላይ ኅዳር ሰማዩ ጥርት የሚልበት ወር ነው፤ ደመና የሌለበት ሌሊት ደግሞ ይብሳል። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ሣሩ ያማረበት ረባዳ ሜዳ ውርጭ የሚተኛበት ቦታ ነውና ከዚያ ከ10 እስከ 20 ሜትር ከፍ ብላችሁ ትከሉ ሲል መከረ።

ምላሽ 2

በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው ያለ ነገር አይደለም፣ ኅዳርም ያው ነው ብሎ ድንኳን ውስጥ አድሮ የማያውቅ ከግማሽ በላይ ከሆነ ቢሾፍቱ ይሁን አለ። ሌላ አልጨመረም።

ምላሽ 3

ይህ እርማት ነው፤ ልክም ነው። ለ5 ለ5 የተባለው አከፋፈል ከሣጥኖቹ ጋር አይገጥምም። ካታን ያለ ማስፋፊያው (ለብቻው ከሚሸጠው ተጨማሪ ሣጥን) ከ4 ሰው በላይ አያጫውትም፤ ፓንደሚክም እንደዚሁ 4 ነው። ካርካሶን እስከ 5 ይይዛል። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ከጨዋታ መሪው ጋር 5 ሰው ቢሆን ይመቻል። ስለዚህ 5፣ 5፣ 4፣ 4 ሲደመር 18 ይሆንና ሁለት ሰው ይተርፋል። እነዚያ ሁለቱ ሰንጠረዥ ወይም ገበጣ ይያዙ አለች። ባለ ሁለት ሰው ጠረጴዛ ትርፍ አለመሆኑንም አስረዳች፦ ቀድሞ የጨረሰ የሚቆይበት፣ የምግብ ተረኛው ሽንኩርት ከትፎ ሲመለስ የሚቀመጥበት ነው። እሱ ከሌለ ቀድሞ የጨረሰ ሰው ሌላው ጠረጴዛ ላይ አንገቱን አስግጎ ምክር መስጠት ይጀምራል፤ ጨዋታም ይበላሻል።

ምላሽ 4

ብዙ ዓመት ጨዋታ የመሩ ሰው መሆናቸው ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። ሐሳባቸው የጠቅላላው ውይይት ዋልታ ይመስለኛል፦ ቀን የቀለምና የትናንሽ ዕቃ፣ ማታ የድምፅ። ካታን ላይ ቀይና ብርቱካናማው በደበዘዘ ቢጫ ብርሃን አይለዩም። ካርካሶን ላይ የሰው ቅርጽ ያለው ጥቁሩ ቁራጭ ጥላ ውስጥ ይጠፋል። ጣት ሲደነዝዝ ደግሞ መንገድ የምትባለውን ትንሽ የካታን ቁራጭ ለማስቀመጥ ጎረቤት ያሉትን ሦስት ቁራጮች መግፋት ይመጣል። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ግን ማታ የሚፈልገው አንድ ወረቀት፣ አንድ እርሳስና ሰባት ዳይስ ነው፤ እጅ ጋቢ ውስጥ ሆኖ በአፍ ይኬዳል። ስለዚህ ካታን፣ ካርካሶንና ፓንደሚክ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ይለቁ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በኋላ የሚና ጨዋታ ብቻ ይሁን አሉ።

ምላሽ 5

የምላሽ 4ን ሐሳብ ወድዶ አንድ ቀዳዳ አሳየ። ማታ 20 ሰው ሁሉ የሚና ጨዋታ ከያዘ አንድ መሪ 19 ሰው ሊመራ አይችልም፤ ተራው አንዴ ዞሮ እስኪመለስ ግማሹ ይተኛል። አራት መሪ ያስፈልጋል፣ እያንዳንዱም አራት ተጫዋች ይይዛል። ለእያንዳንዱ መሪ በ3 ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ ታሪክ፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አስቀድሞ የተሞላ የደረጃ 1 ገጸ ባሕርይ ወረቀት ታትሞ ይምጣ አለ። ቦታው ላይ ገጸ ባሕርይ ፍጠሩ ከተባለ አንድ ሰዓት እንደዋዛ ይሄዳልና።

እንግዲህ የመክፈቻው 4 ጠረጴዛ ለማታው ይሠራል፤ የምላሽ 3 አከፋፈል ለቀኑ።

ምላሽ 6

ስለ ብርሃን ነው፣ ሒሳቡም ተቀምጧል። ግንባር ላይ የታሰረ ባትሪ ለመጸዳጃ እንጂ ለጠረጴዛ አይሆንም፤ ሰውዬው ቀና ባለ ቁጥር ፊት ለፊቱ ያለውን ያሳውራል። በዩኤስቢ የሚሠራ ባለ 5 ዋት ነጭ አምፖል ከጠረጴዛው አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይንጠልጠል። ባለ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ ሲሰላ 74 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ከብክነቱ በኋላ 60 ገደማ ይቀራል፤ ለ5 ዋት አምፖል 12 ሰዓት ማለት ነው። በሌሊት 5 ሰዓት ቢበራ ሁለቱ ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ስለዚህ ለአንድ ጠረጴዛ አንድ ፓወር ባንክ ይበቃል፣ አንድ ተጨማሪ ለማብሰያው ቦታ። ባትሪ ሲበርደው ጉልበቱ ስለሚቀንስ ሌሊት ከሰው ጋር ብርድ ልብስ ውስጥ ይደር። አምፖል ያላገኘ የእጅ ባትሪውን ነጭ፣ ባዶ የፕላስቲክ ጀሪካን ላይ ወደ ውስጥ አዙሮ ይሰር፤ ብርሃኑ ለስልሶ ይበተናል።

ምላሽ 7

ስለ ጤዛ የጻፈችው ናት፤ ለሣጥኖቻቸው የሚሳሱ ሁሉ ደጋግመው ያንብቡት። ጤዛ ዝናብ አይደለም፤ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር ያለ ጠፍጣፋ ነገር ሁሉ ሙቀቱን ወደ ላይ ሲለቅ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱም እላዩ ላይ ይቀመጣል። ፕላስቲክ ጠረጴዛ ገና ከምሽቱ 2 ሰዓት ሳይሞላ ይረጥባል። መፍትሔው ጣሪያ ነው። ግድግዳው ክፍት ሆኖ ጣሪያ ብቻ ያለው ድንኳን ጤዛውን ይከለክላል። ካርዶች የፕላስቲክ ሽፋን ይልበሱ፤ ያልለበሰ ካርድ በአንድ ወገን እርጥበት ጠጥቶ እንደ ደረቀ ቅጠል ይጠቀለላል። ማታ ጨዋታው ሲያልቅ ሣጥኑ በወፍራም ፌስታል ታስሮ ይደር፤ ጠዋት ፀሐይ ወጥቶ አየሩ ሲሞቅ ቀዝቃዛውን ሣጥን ወዲያው መክፈት እርጥበቱን ካርዱ ላይ ስለሚያሳርፈው እንደታሰረ ግማሽ ሰዓት ይቆይ።

አንድ ሰው ሩዝ በጨርቅ ቋጥሮ ሣጥኑ ውስጥ መጨመር ይበቃል ቢላት፣ ሩዝ ደካማ ነው፣ ከጫማ ካርቶን የሚወጡት እርጥበት መጣጭ ትናንሽ ከረጢቶች ይሻላሉ፣ እነሱም ቢሆኑ ለወራት ሜዳ ላይ ከቆዩ ጠግበዋልና በምድጃ ሙቀት ካልደረቁ ዋጋ የላቸውም ብላ መለሰችለት።

ምላሽ 8

የእድር ድንኳን አትዋሱ አሉ አንድ ታላቅ ሰው። ድንኳኑ የተገዛው ለኀዘን ነው፤ ዓርብ ማታ ሰው ቢያርፍ ሱባ ድረስ ማን ሄዶ ያመጣዋል? ከዕቃ አከራይ ተከራዩ፤ ጠረጴዛና ወንበሩንም ከዚያው አንድ ላይ ያዙ። የብረት ቋሚው ከባድ ስለሆነ ለብቻው ፒክ አፕ ይፈልጋል ብለውም አሳሰቡ።

እዚህ ድረስ ሁሉም መልካም ነበር። መጨረሻ ላይ ግን፣ ለብርዱ ከሰሉ ጭሱን ከጨረሰ በኋላ ማንደጃውን ድንኳኑ መሐል ማስቀመጥ ይቻላል ብለው ጨመሩ።

ምላሽ 9

ቁጣ ነው። ይህን ምክር የሰጠ ሰው ሌላ ምክር ባይሰጥ ይሻላል እስከ ማለት ደረሰ። ለማስጠንቀቁ ልክ ነበር፤ ታላቅ ሰውን እንደዚያ መናገሩን ግን አልደግፍም።

ምላሽ 10

የ8ቱ ሰው ተመልሰው ማንደጃ በየቤቱ አለ፣ ደግሞም ግድግዳው ክፍት ነው ተብሏል ሲሉ ተከራከሩ። ቅሬታቸው ይሰማል።

ምላሽ 11

ነገሩን ያረጋጋችው የጤና ባለሙያ ናት፤ ጋሼ እያለች ነው የጻፈችላቸው። ጭሱ አለቀ ማለት አደጋው አለቀ ማለት አይደለም፤ ቀልቶ የሚፍመው ከሰል ነው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለቀው። ሽታም ቀለምም የለውም። ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በርትቶ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ደግሞ ኦክስጅኑ ራሱ የሳሳ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ሲመጣ ሰው ድካም ነው ብሎ ይተኛል፤ ያኔ የሚቀሰቅሰው የለም። ግድግዳው ክፍት ነው መባሉ ደግሞ አያስተማምንም፤ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ብርዱ ሲጠና አንድ ሰው ተነሥቶ መጋረጃውን መጣሉ አይቀርም። ማንደጃ ለቡና፣ ውጭ፣ ሜዳ ላይ። ሰው በሚተኛበት ድንኳን ውስጥ ፈጽሞ።

ለብርዱ የሰጠችው መላ ይህ ነው። ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውኃ ሞልቶ ካልሲ ማልበስና እግር ሥር ማድረግ። የፈላውን በቀጥታ ከጨመሩት ጠርሙሱ ተኮማትሮ ይፈሳል፤ በቀዝቃዛ ይበረዝ። ሁለት ጋቢ ያለው አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከሥር ያድርግ፤ ብርዱ የሚገባው ከመሬት ነው። ከጋቢው በታች ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የተሞላ ጭድ ወይም ስስ ፍራሽ ይግባ።

ጋሼም ከዚህ በኋላ ምክራቸውን አንሥተዋል።

ምላሽ 12

ምግብ። ዓርብ ማታ የጾም ይሁን፤ ብዙዎቹ ይጾማሉ፣ የማይጾመውም ሽሮ ቢበላ አይጎዳም። ከኅዳር 15 በኋላ ከተገፋ የነቢያት ጾም ስለሚገባ ሦስቱም ቀን የጾም ይሆናል፤ ስለዚህ ቀኑን አትግፉት አለች። ሙስሊም ተጫዋቾች ካሉ ሥጋውን መግዛት ለእነሱ መተው፣ ወይም ቅዳሜንም በአትክልት ማለፍ። መጠኑ ለ20 ሰው በአንድ ማዕድ 30 እንጀራ ገደማ ነው፤ አራት ማዕድ ስላለ 120። ሽሮ ለአንድ ማዕድ ከአንድ ኪሎ እስከ አንድ ተኩል። ውኃ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ተይዞ ለሁለት ቀን 200 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 10።

በ2,600 ሜትር ላይ ውኃ 91 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ድፍን ምስርና ባቄላ ከተለመደው በላይ ቆይቶም ይጠጥራል። ቤት ተቀቅሎ ይምጣ ወይም ይቅር።

ምላሽ 13

ቅባት የካርድ ጠላት ነው። ጨጨብሳና ጥብስ ጠረጴዛው ላይ አይውጡ፤ መብያው ለብቻው፣ ከመጫወቻው አሥር እርምጃ ርቆ፣ መታጠቢያ ጀሪካንና ሳሙና በመካከል ይቀመጥ። ጨዋታ ላይ የሚፈቀደው ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነው፤ ቆሎው ውስጥ ሱፍና ኑግ ባይኖር ይመረጣል፣ ቅባት አላቸውና። ዳይስ የሚወረወረው ነጠላ የተነጠፈበት ትንሽ ሰፌድ ላይ ይሁን፤ ድምፁም ይቀንሳል፣ ሣር ውስጥም አይገባም። ለነፋሱ የልብስ መቆንጠጫ፦ ጨርቁን ከጠረጴዛው ጠርዝ፣ ወረቀቱን ከጨርቁ ጋር።

ምላሽ 14 እና 15

እዚህ ወሬው ከመንገድ ወጣ፤ ደስ የሚል መውጣት ስለሆነ አልቆረጥኩትም። አንዱ ሰንጠረዥን ማታ አትያዙ አለ። አጀማመሩ ወረራ ነው፤ የመጀመሪያው ቁራጭ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እኩል ያንቀሳቅሳሉ፣ ወረራ በዝምታ ሲካሄድ ደግሞ ታይቶ አይታወቅም። ገበጣ ግን ለጫካ የተፈጠረ ነው። ሣጥንም ካርድም የለው፣ ጤዛም አይጎዳው፤ መሬቱ ላይ በሦስት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ቆፍሮ በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ጠጠር፣ በድምሩ 54።

ሌላዋ ከሱባ ጽዶች ጀመረች። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው አስተክለዋል የሚባልለት ደን ስለሆነ፣ አምፖል ለመስቀል ብሎ ግንዱ ላይ ሚስማር መምታት ነውር ነው፤ ገመድ ከነጨርቁ ይጠምጠም አለች። እዚያው ላይ ባሕር ዛፍ ሥር ድንኳን እንዳይተከል አስጠነቀቀች፦ ነፋስ ሲመጣ ደረቅ ቅርንጫፍ ይጥላል፣ ከሥሩ የተከማቸው ቅጠልም በአንድ ፍንጣሪ ይያያዛል።

ምላሽ 16

ወደ ጉዳዩ የመለሰን ነው። የሱባ ደን በኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ሥር ስለሆነ ፈቃድ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ እሳት የት እንደሚፈቀድም በዚያው ይጠየቅ። የ20ው ሰው ስም ዝርዝር ሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፣ መታወቂያ ይያዝ፣ ለአካባቢው ሰዎችም ዓርብ ቀን ተሄዶ ይነገር። ደግሞም አትርሱ ይላል፣ ዳይስና ካርታ ሲያይ የደን ጠባቂው መጀመሪያ የሚመጣለት ቁማር ነው። አንድ ጠረጴዛ ዘርግቶ ሁለት ዙር እንዲጫወት መጋበዝ ከማብራሪያ ሁሉ ይበልጣል።

ምላሽ 17 እና 18

ሁሉም ትንሽ ገንዘብ አዋጥቶ አሸናፊው ቢወስድስ የሚል ሐሳብ መጣ። 18ኛው አላስጨረሰውም፤ 16 አሁን የተናገረውን አላነበብክምን ሲል ገሠጸው። ብር ጠረጴዛ ላይ አንዴ ከወጣ ጠባቂውን ማሳመን ይቅርና፣ እኛም ዳይሱ ወደቀ አልወደቀ እያልን መጣላት እንጀምራለን። ሽልማት ካስፈለገ አንድ ፓኬት የካርድ ሽፋን ይበቃል። እኔም ከ18 ጋር ነኝ፤ ይህ ነገር በዚህ ጉዞ አይታሰብም።

ምላሽ 19

ጅብ። ሰው አይነካም ወይስ ይነካል የሚለው ክርክር አይጠቅምም፤ የሚጠራውን ነገር አለመተው ነው የሚሻለው። ምግብና ቆሻሻ ሌሊት መኪና ውስጥ ይቆለፍ። የቆዳ ጫማ ደጅ አይደር። መጸዳጃ ከሌለ ጉድጓዱ ከምንጭ ቢያንስ 60 ሜትር ይራቅ፣ አፈሩ አጠገቡ ይቆለል፣ መንገዱ ላይ ነጭ ጨርቅ ይታሰር፤ ሌሊት ብቻውን የሚሄድ አይኑር። ሳማ ያለበትን ቦታ ቀን አይቶ ማጨድ ደግሞ የመጀመሪያው ሥራ ይሁን።

ምላሽ 20

ዓርብ ከሥራ በኋላ 11 ሰዓት ላይ እንነሣ ማለት ድንኳኑን በጨለማ መትከል ነው፤ ኅዳር ላይ ፀሐይ 12 ሰዓት አልፎ ብዙም አትቆይም። አራት ሰው ፈቃድ ወስዶ በ6 ሰዓት ከፒክ አፑ ጋር ይቅደም፤ ሌላው በኮስተር ይድረስ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠሩ ካሉ አሁኑኑ ያሳውቁ፣ የዓርቡ ማታ ጠረጴዛ እነሱን ሳይቆጥር ይደልደል። የጨዋታ ሣጥን ፖርቶ መጋላ ላይ አይወጣም፤ ከአስፋልት ከተወጣ በኋላ ያለው አቧራ ክዳኑን አልፎ ይገባል። ጭን ላይ ይያዝ።

ምላሽ 21

የመጨረሻው አጭርና ጥንቁቅ ነው። ከየጠረጴዛው ሥር ባለ አንድ ቀለም ሸራ ይነጠፍ፤ ሣር ላይ የወደቀ ቡናማ ቁራጭ አይገኝም፣ ሰማያዊ ሸራ ላይ ግን ከሩቅ ይታያል። በየሣጥኑ ክዳን ውስጥ የቁጥር ወረቀት ይለጠፍ፦ ካታን 19 ባለ ስድስት ጎን ሰሌዳ፣ 18 የቁጥር ክብ፣ ለእያንዳንዱ ቀለም 15 መንገድ፣ 5 መንደር፣ 4 ከተማ። ካርካሶን 72 ሰሌዳ። ቆጠራው እሑድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ድንኳኑ ሳይነቀል፣ ሸራው ሳይታጠፍ ይሁን አለ።

ውሳኔያችን

ከ20ው ሰው ድንኳን ውስጥ አድሮ የሚያውቀው 13 ስለሆነ ሱባን መርጠናል፤ ፈቃዱ በጊዜ ካልደረሰ ቢሾፍቱ። ከጨዋታ መሪዎቹ ሦስቱ ተገኝተዋል። አራተኛ መሪ፣ ሁለት ሰማያዊ ሸራና አንድ ፓወር ባንክ ይቀሩናል፤ ያለው ሰው ከዚህ ሥር ይጻፍልን።